የመንገድ ሥራ መሣሪያ የት ይታጠባል?

የንባብና የሥራ ትምህርት

መንገድ ለገበሬ ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ የአቀስታን ወይም የመካነ ሰላምን አካባቢ ገበሬ መጠየቅ አያስፈልግም። መልሱን በትከሻው ያውቀዋል። መንገድ በሌለበት አገር ገብስ ገበያ የሚወጣው በአህያ ጀርባ ነው። በሽተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። ምጥ የጠናባት እናት መንገድ ላይ ትቀራለች። መንገድ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀላል።

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መንገድ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ነበር። ኋላ የአስፋልት ሥራ ገባበት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት» የተባለው ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሳ። በየቦታው ገበሬውም ዶማውንና አካፋውን ይዞ ወጥቷል።

መንገድ ሲመጣ ማሽን ይመጣል። ማሽን ሲመጣ ደግሞ ናፍታ፣ ዘይት፣ ግራሶ፣ ሬንጅና ሲሚንቶ አብረው ይመጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ይሄዳል። በምንጫችን ላይ የፈሰሰው ዘይት ግን አብሮ አይሄድም። እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን አንድ ነገር ነው። የመንገድ ሥራ መሣሪያ መታጠብ አለበት። ወንዝ ውስጥና ምንጭ አጠገብ ግን አይታጠብም። ለምን? እንዴትስ ይታጠብ? አንድ በአንድ እንየው።

1. እኛ ያለነው ከላይ ነው

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው። የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውሃ በየሸለቆው ይሄድና መጨረሻው ዓባይ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከላይ ያለ ሰው የሚያፈሰውን ከታች ያለ ሰው ይጠጣዋል። እኛ የምናጥብበትን ውሃ ከታች ያለው ጎረቤታችን ለእንስራው ይቀዳዋል። በጎቹ ይጠጡታል። ድንቹን ያጠጣበታል። ደግሞ ከእኛም በላይ ሰው አለ። እሱ ያፈሰሰው ወደኛ ይመጣል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ውሃ እንዲጠራ ከተፈለገ መጠበቅ ያለበት ከመነሻው ነው።

2. ዘይት ውሃን ምን ያደርገዋል?

ዘይት ከውሃ ይቀላል። ስለዚህ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ነገር አይታችሁ ይሆናል። እሱ ዘይት ወይም ናፍታ ሊሆን ይችላል። ይህ ስስ ሽፋን አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ይከለክላል። አየር ካልገባ በውሃው ውስጥ ያሉ ዓሣና ትናንሽ ነፍሳት ይሞታሉ።

ሞተር ውስጥ የቆየ ዘይት ደግሞ ከአዲሱ ይብሳል። «የተቃጠለ ዘይት» የምንለው ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብረቱ እየተፋቀ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጥላሸትም ይገባበታል። እንዲህ ያለው ዘይት ሲጠጣም፣ በቆዳ ላይ ሲቆይም ጤና ይጎዳል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባወጣው ስሌት አንድ እጅ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን እጅ ንጹህ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ሊትር ዘይት 1,000,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህን በራሳችን መስፈሪያ እናስላው።

አንድ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል።
1,000,000 ሲካፈል ለ20፣ 50,000 ጀሪካን ይሆናል።
አንድ ቤተሰብ በቀን 4 ጀሪካን ቢቀዳ፣ 50,000 ጀሪካን የሚቀዳው በ12,500 ቀን ነው።
ይህም ከ34 ዓመት በላይ ነው።

አያችሁ? አንዲት ሊትር ዘይት ለአንድ ቤተሰብ የ34 ዓመት ውሃ ታህል ውሃ ልታበላሽ ትችላለች። የአንድ ግሬደር ሞተር ደግሞ በአንድ ቅያሪ ከ20 ሊትር በላይ ዘይት ያወጣል። ይህ አንድ ጀሪካን ሙሉ የተቃጠለ ዘይት ነው። ይህ ዘይት በርሜል ውስጥ ከገባ ማንንም አይጎዳም። መሬት ላይ ከፈሰሰ ግን ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል።

3. ሲሚንቶና ሬንጅ

ድልድይና የውሃ መተላለፊያ ቱቦ ሲሠራ ሲሚንቶ ይቦካል። የሲሚንቶ ውሃ ያቃጥላል። እጅ የሚያሳክከውና የሚሰነጥቀውም ለዚህ ነው። አካፋና ባልዲ የታጠበበት የሲሚንቶ ውሃ ትንሽ ወንዝ ውስጥ ከገባ ዓሣ ይገድላል። ከብትም እንዲህ ያለውን ውሃ መጠጣት የለበትም።

ሬንጅ ደግሞ በውሃ አይለቅም። ስለዚህ አንዳንድ ሠራተኞች አካፋቸውን በናፍታ ያጥባሉ። ናፍታውንም እዚያው ይደፉታል። ይህ ስህተት ነው። ሬንጅ የነካው አካፋ ሳይቀዘቅዝ በእንጨት መፋቂያ መፋቅ አለበት። የተፋቀው ሬንጅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ናፍታ ካስፈለገም በጨርቅ ነክሮ መጥረግ ይበቃል። ጨርቁ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል።

4. ማሽን ከሩቅ አገር ይዞት የሚመጣው ጭቃ

እስካሁን ያየነው ማሽን ከእኛ ዘንድ ሲታጠብ ነው። ግን ማሽን ወደኛ ከመምጣቱ በፊትም መታጠብ አለበት። ለምን?

ቅንጬ አረም የሚባል መጥፎ አረም አለ። የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። የመነጨው ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ ዓመታት ገደማ ከርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሳይሆን እንደማይቀር አጥኚዎች ጽፈዋል። በወሎ ቆላማ ቦታዎችና በኮምቦልቻ አካባቢ ተስፋፍቷል። ይህ አረም ማሽላና ጤፍ ያቀጭጫል። የግጦሽ ሣር ያጠፋል። የበላው ላም ወተት ይመራል። ሰውን ያሳክካል፤ አስምም ያስነሳል። አንዷ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ልትጥል ትችላለች።

ዘሩ በጣም ትንሽ ነው። በጭቃ ውስጥ ሆኖ በዶዘር ሰንሰለትና በገልባጭ መኪና ጎማ ላይ ይጣበቃል። ማሽኑ በሎቤድ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ዘሩም ሳይከፍል ተሳፍሮ ይሄዳል። ገረጋንቲ ከአረማማ ቦታ ተቆፍሮ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። አረሙ በመንገድ ዳርቻ ቀድሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

«የኛ አገር ብርድ ነው፤ እዚህ አይበቅልም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በከፍተኛው ደጋ ብርዱ ላይመቸው ይችላል። ነገር ግን መንገዱ በደጋ ብቻ አይቀርም። ወደ ወይና ደጋውና ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እዚያ ያለው ወገናችን ማሽላ ያበቅላል። ስለዚህ ማሽን ከቆላ ከመነሳቱ በፊት ጭቃው በደንብ መፋቅና መታጠብ ይገባዋል። ከመጣም በኋላ በመንገዱ ዳር አዲስ አረም ስናይ ሳያብብ ከነሥሩ እንንቀለው። ስንነቅል እጃችንን በላስቲክ ወይም በጨርቅ እንሸፍን።

5. ማሽን እንዴት ይጸዳል?

ማሽን የሚያጥበው ገበሬ አይደለም። ኦፕሬተርና መካኒክ ናቸው። ቢሆንም ገበሬው ትክክለኛውን አሠራር ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ይቆጣጠራልም።

ሀ/ ቦታ መምረጥ። ማጠቢያው ቦታ ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 100 ሜትር ይራቅ። ይህ ወደ 130 እርምጃ ያህል ነው። ቦታው ሜዳ ይሁን። የእርሻ ማሳ አይሁን። ከባድ ማሽን የቆመበት ማሳ ይጠቀጠቃል፤ ማረሻም አይገባለትም።

ለ/ ቦታውን ማዘጋጀት። ጠጠር ይነጠፍበት። በታችኛው በኩል ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ወደ አንድ ጉድጓድ ይግባ። ጭቃው ጉድጓዱ ውስጥ ይዘቅጣል። ከብትና ልጅ እንዳይገባ ጉድጓዱ በእሾህ ይታጠር።

ሐ/ መጀመሪያ በደረቁ ማጽዳት። ጭቃው በአካፋና በእንጨት ይፋቅ። ዘይትና ግራሶ የነካው ቦታ በጨርቅ ይጠረግ። ውሃ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በደረቁ የጸዳ ማሽን ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። በጋ ላይ ምንጭ ሲቀንስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መ/ ውሃን በዕቃ መቅዳት። ውሃው ወደ ማሽኑ ይሂድ እንጂ ማሽኑ ወደ ውሃው አይሂድ። ዘይት ወይም ናፍታ የነበረበት ባልዲና የቦቴ ቱቦ ምንጭ ውስጥ አይነከር።

ሠ/ ዘይት ሲቀየር። ከሥሩ ሳፋ ይደረግ። ዘይቱ ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀም። በበርሜሉ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ይጻፍ። አሮጌው ፊልትሮ እስኪንጠፈጠፍ ይቆይና እሱም ይጠራቀም። ሁሉም ወደ ድርጅቱ ጋራዥ ይመለስ።

ረ/ ዘይት ቢፈስስ። በውሃ አይታጠብ። ውሃ ዘይቱን ያሰፋዋል። ሳሙናም ዘይቱን በታትኖ ከውሃው ጋር ያደባልቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ወዲያው አመድ፣ ደረቅ አፈር ወይም ገለባ ይነስነስበት። ኩበት በሚነድበት አገር አመድ አይታጣም። አመዱ ዘይቱን ከጠጣ በኋላ ከነአፈሩ ታፍሶ በርሜል ውስጥ ይግባ።

ሰ/ በሥራ ጊዜ። ሥራ ፈትቶ የቆመ ማሽን ሞተሩ ይጥፋ። ናፍታ ይተርፋል፤ ጭሱም ይቀንሳል። የሚያንጠባጥብ ማሽን ዛሬውኑ ይጠገን። በቀን አንድ ኩባያ የሚያንጠባጥብ ማሽን በወር ውስጥ ብዙ ሊትር ያፈስሳል።

6. የእጅ መሣሪያችን

አሁን ወደ ራሳችን ዕቃ እንመለስ። ለመንገድ ሥራ ስንወጣ ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖና ባሬላ እንይዛለን። ዶማው ማታ ወደ ቤት ይመለሳል። ነገ ድንች ይኮተኮትበታል። ታዲያ ከሌላ ማሳ ዳር የያዘውን አፈር ይዞ ቢመጣስ? የድንች አጠውልግ በሽታና የነጭ ሽንኩርት ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ በአፈር ውስጥ ይቆያሉ። በዶማና በእግር ላይ በተጣበቀ ጭቃ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራሉ።

ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ፣ እዚያው ሥራው ቦታ ላይ፦
• ጭቃውን በእንጨት እንፋቅ።
• በገለባ ወይም በደረቅ ሣር እንጥረግ።
• ሲሚንቶ የነካውን ሳይደርቅ በባልዲ ውሃ እንጠበው። ውሃውን ከምንጭ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ እንድፋ። ሲሚንቶው ሲጠጥር ለመንገዱ ሙሌት ይሆናል።
• ብረቱን ጥቂት ዘይት በነካው ጨርቅ እናብሰው። ዝገት አይበላውም።

ንጹህ አካፋ ቀላል ነው። ጭቃ የደረቀበት አካፋ ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ ጭቃ ያሸክመናል። ስለዚህ ማጽዳት ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለክንዳችንም ነው።

7. ባዶ ጀሪካንና በርሜል

የመንገድ ሠራተኛ ሲሄድ ባዶ ጀሪካንና በርሜል ይተዋል ወይም ይሸጣል። ዕቃው ያምራል። ክዳኑም አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ዘይት፣ ናፍታ ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበት ዕቃ ለውሃ፣ ለጠላ፣ ለእህልና ለምግብ ዘይት አይሆንም። ቢታጠብም አይሆንም። ላስቲኩ ዘይቱን ጠጥቷል፤ ቀስ እያለ ይለቀዋል።

ፊደል የቆጠረ ሰው እዚህ ላይ ጥቅሙን ያገኛል። ዕቃውን ከመግዛት በፊት ጽሑፉን ያነባል። የራስ ቅልና አጥንት፣ ወይም የእሳት ነበልባል ምልክት ካየ ይተወዋል። አሮጌ ባትሪም ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም። በውስጡ ያለው እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል።

የተቃጠለ ዘይት ለከብት ቁስልና ለመዥገር መቀባትም ጎጂ ነው። ከብቱ ይልሰዋል። ለመዥገር መድኃኒቱ ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይገኛል።

8. ሲበላሽ ብናይ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ በመልካም ቃል መነጋገር ነው። እንዲህ እንበል። አንድ ኦፕሬተር ግሬደሩን ወንዝ ዳር አቁሞ ሊያጥብ ባልዲ አወረደ። እንስራ ያዘለች እናት ደረሰች።

— እንደምን ዋልክ ልጄ?
— ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እማማ። እርስዎስ?
— ደኅና። ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ የምንጠጣው ነው። ወዲያ ሜዳው ላይ ብታጥበው ምን ይመስልሃል?
— ትንሽ ነው እማማ፤ ውሃው ይወስደዋል።
— የት ይወስደዋል? እህቴ ከታች እንስራዋን ይዛ ቆማለች። ወደሷ ነው የሚወስደው።
— እውነትዎን ነው። ግን ውሃ ማመላለሱ ያስቸግረኛል።
— እኛ በአህያ እናመላልስልሃለን። አንተ ብቻ ወዲያ ፈቀቅ በል።

እናቲቱ አልተሳደበችም። ምክንያቱን ነገረች። ሌላ ቦታ አሳየች። እርዳታም ጨመረች። ብዙ ጊዜ በዚህ ነገሩ ያልቃል።

በዚህ ካላለቀ ለካፖው ወይም ለሥራ ኃላፊው ይነገራል። እሱም ካልሰማ ለቀበሌ፣ ከዚያም ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቀርባል። ሕግ አለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም፣ አካባቢ በሚበክል ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደነገገ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ እንደሚቻልም አዋጁ ጨምሮ አስቀመጠ። ስለዚህ ማመልከቻ የገባበትን ቀን መጻፍና አንድ ቅጂ ማስቀረት አይረሳ።

ማመልከቻ እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን ________
ለ________ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በምንጫችን አጠገብ የፈሰሰ ዘይትን ይመለከታል
እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው የ________ ጎጥ ነዋሪዎች ነን። በ________ ቀን ________ በሚባለው ምንጭ አጠገብ የመንገድ ሥራ ማሽን ዘይት ሲቀየር መሬት ላይ ፈሷል። ከዚህ ምንጭ ________ ቤተሰብ ይጠጣል። ስለዚህ አንደኛ፣ የፈሰሰው ዘይት ከነአፈሩ እንዲነሳ፤ ሁለተኛ፣ የማሽን ማጠቢያ ቦታ ከውሃ ርቆ እንዲዘጋጅ እንጠይቃለን።
ስምና ፊርማ ________

ያየነውን ብቻ እንጻፍ። ያላየነውን አንጨምር። ቀኑ፣ ቦታውና የፈሰሰው ነገር በትክክል ከተጻፈ ማመልከቻው ክብደት ይኖረዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ይፈርማል፤ የሚፈርምበትን ነገር ግን የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አንብቦ፣ በስሙ ይፈርማል።

መንገዱን እንፈልገዋለን። ውሃውንም እንፈልገዋለን። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት የለብንም። የሚጠየቀው ነገር 130 እርምጃ ፈቀቅ ማለት፣ አንድ ሳፋና አንድ በርሜል ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የተቃጠለ ዘይት ከአዲስ ዘይት የሚብሰው ለምንድን ነው?
2. ዘይት መሬት ላይ ቢፈስስ በመጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ምንስ አናደርግም?
3. ማሽን ከቆላ ከመነሳቱ በፊት የሚታጠበው ለምንድን ነው?
4. አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ጀሪካን ቢቀዳ 50,000 ጀሪካን የሚቀዳው በስንት ቀን ነው?
5. ከምንጫችሁ 130 እርምጃ ቁጠሩ። በዚያ ርቀት ለማሽን ማጠቢያ የሚሆን ሜዳ አለ? ቦታውን በደብተራችሁ ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

ገረጋንቲ — ለመንገድ የሚነጠፍ የተመረጠ ጠጠራማ አፈር
ግራሶ — ብረት እንዳይፋተግ የሚቀባ ወፍራም ቅባት
ፊልትሮ — የሞተር ዘይት ማጣሪያ
ሎቤድ — ከባድ ማሽን የሚጭን ረጅምና ዝቅ ያለ መኪና
ቦቴ — ውሃ ወይም ነዳጅ የሚያመላልስ መኪና
ካፖ — የሠራተኞች አለቃ